በሚካኤል ዕለት የነፋሁት ጥሩምባ

ጥሩምባው በምሰሶው ላይ የተሰቀለው ባሌ እጁን ዘርግቶ በሚደርስበት ልክ ነበር። እሱ ቁመቱ ረጅም ነው፤ እኔ ደግሞ ሰው መሀል ስቆም የምጠፋ። ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ እዚያው ተሰቅሎ አየዋለሁ እንጂ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ሴት ትንፋው አትንፋው ብሎ የተከራከረም አልነበረም፤ ማንም ያላሰበውን ነገር ማን ይከለክላል?

ልጆቼ ይህን ወሬ ደጋግመው አስወርተውኛል። ሁልጊዜ ግን የሚያስቀው ቦታ ላይ ስንደርስ በሳቅ ያቋርጡኛል፣ የቀረው ሳይወራ ይመሻል። የቀረውን አንድ ጊዜ በወረቀት ላስፍረው ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ተቀምጬ አይደለም። ባሌ ከፍርድ ቤት ይዞት የሚመጣውን ወረቀት ከምድጃው ዳር ዘርግቼ፣ አንዱን ፊደል ከሌላው እያስተያየሁ ነው የለመድኩት። እንግዲህ አጻጻፌ የተሟጋች ከመሰላችሁ ከዚያ ነው የመጣው።

ጣሊያን ከወጣ አሥራ አምስት ዓመት ግድም ቢሆነው ነው። ባሌ የአገራችን ጭቃ ሹም ነበር፤ መንደሩን የሚጠራውም በዚያ ጥሩምባ ነው። አገራችን የምላት ከጎረቤላ ገበያ አንድ ሰዓት ተኩል የምታስኬድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ከደጃችን ቆመን በግራ የገብስ ማሳ፣ በቀኝ ቆላው እስከ ዓይን ማለቂያ ይታየናል። እኛ አገር ደመና ከላይ አይመጣም፤ ከሥር፣ ከቆላው ነው ገደሉን ይዞ የሚወጣው። ልጅ ሳለሁ ደመና የሚኖረው መሬት ውስጥ ይመስለኝ ነበር።

ያን ሰሞን ባሌ በአንድ የወሰን ክርክር ለምስክርነት ተጠርቶ ደብረ ብርሃን ሄዷል። ሲወጣ በቅሎውን እየጫነ፣ ግማሽ በቀልድ፣ "ሰው ከተጣላ ለሽማግሌዎቹ ንገሪ፤ የተረፈው ሁሉ ላንቺ" አለኝ። ሳቅሁ። የተረፈው ሁሉ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው።

እኔ አራስ ነበርኩ። ሴት ልጅ ወልጄ ገና ሠላሳ ቀኔ ነው። የሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነውና እስከዚያ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አልረግጥም። ስለዚህ የኅዳር ሚካኤል ዕለት መንደሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ታቦት ሊያነግሥ ከሸለቆው ማዶ ወዳለው ደብር ሲሄድ እኔና ዓይናቸው የደከመ አማቴ ብቻ ቀረን። ውሻ እንኳ አልቀረም፤ የንግሥ ዕለት ውሾቹም ድግስ ያውቃሉ።

ገብሱ ማሳ ላይ ነበር። ያን ሳምንት ውርጭ ፈርተን፣ ገና በደንብ ሳይደርቅ፣ መንደሩ ሁሉ በደቦ አጭዶት ነዶ ነዶውን ታስሮ እንደተኛ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይጠጣና ይከመራል ተብሏል። ሚካኤልን አክብረን በማግስቱ።

ስለ ሚካኤል መናገር ያለብኝ አንድ ነገር አለ። ከዚያ አራት ዓመት በፊት በረዶ ወርዶ ገብሳችንን ከአፈር ደባልቆት ነበር። አንዱ በሚካኤል ቀን በሬ ጠምዶ ነው ተባለ። ቀሳውስቱ ተሰብስበው ገዘቱ፦ በሚካኤል ቀን የእርሻ ሥራ የነካ፣ ያስነካም፣ ከቤተ ክርስቲያን ይለይ፤ ልጁ ክርስትና አይነሣ፤ ሬሳው አይፈታ። ከዚያ ወዲህ በሚካኤል ቀን ማሳ ውስጥ የሚገባ እንኳ አልነበረም። በዚያው የበረዶ ዓመት የበኩር ልጄን ቀብሬአለሁ። ጡቴ ደርቆ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ኋላ ለሠራሁት ስለሚያስፈልግ ነው።

ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ከቆላው ደመና ብቅ አለ። ሆዱ የጠቆረ፣ ጫፉ የነጣ። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ነጭ ጫፍ ያለው ደመና ምን እንደሚይዝ አውቃለሁ። ልጄን አዝዬ ወጣሁ፤ ገባሁ፤ ደግሞ ወጣሁ። አራስ ባዶ እጇን ደጅ አትወጣም ስለሚባል ቢላዋ ይዣለሁ። አማቴ ከመደቡ ላይ ሆነው እግሬን ሲሰሙ ቆዩና ምን ሆነሽ ነው እንደ ታሠረች በቅሎ የምትንቆራጠጪው አሉኝ። ደመናውን ነገርኳቸው። ከዚያ አራስ በቀትር ደጅ አትቆምም፣ ግቢ አሉኝ። መልሳቸው ይኸው ነበር።

ልልከው የምችል ሰው የለም። እኔ ሄጄ ቄሱን እንዳልጠይቅ ቅጥር መርገጥ አልችልም። ጥሩምባው ግን ማዶ ይሰማል። ነፍቼ ሰው ቢመጣና ገብሱ ቢከመር ግዝት አፈረስኩ፣ ያዘልኳትም ልጅ ክርስትና ሳትነሣ ትቀራለች። ባልነፋና በረዶው ቢወርድ ደግሞ የመንደሩን የዓመት እንጀራ እያየሁ አስበላሁት። ይህን ሁሉ በጸጥታ አሰብኩት እንዳልላችሁ ውሸት ይሆናል። ከምሰሶው እስከ ደጁ እየተመላለስኩ፣ ሕፃኗ ጀርባዬ ላይ እየተናወጠች ነው። በመጨረሻ ደመናው የገደሉን አፋፍ ሲነካ በርጩማውን ጎትቼ ወጣሁበት።

ልጆቼ የሚስቁት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ስነፋው የወጣው ድምፅ የምትወልድ ላም ይመስል ነበር። አማቴ ከመደባቸው ተነሥተው ከብት ገባ መሰለኝ አሉ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ግን እኔንም አስደነገጠኝ፤ ሸለቆውን ሞልቶ ማዶ ደርሶ ተመለሰ።

በንግሥ ዕለት ከጭቃ ሹም ቤት ጥሩምባ ሲሰማ ሰው ምን ያስባል? ወንዶቹ ሽፍታ ገባ ብለው ዱላና ጠመንጃ ይዘው ሸለቆውን ወረዱ። ሴቶቹ አራሷ ሞተች ብለው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሙሾ አውጥተዋል። አንዷ ጎረቤቴ እህቴን እህቴን እያለች ደረቷን ስትመታ ደርሳ፣ ልጄን አዝዬ ደጄ ላይ ቆሜ ስታየኝ መሀል ላይ ዝም አለች። ተቀየመችኝ። አለመሞቴን ለብዙ ጊዜ ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም።

ትልቁ ማሳ የእሱ የሆነ አንድ ጎረቤት ነበረን፤ አፉ የማይተኛ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ የሚያስቅ ሰው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። የማኅበር ጠላውን እንደያዘ ነው የመጣው። ዙሪያውን አይቶ፣ "እመቤት፣ ዋንጫዬን ሳልጨርስ አስሩጠሽኛል፤ ቢያንስ አንድ ሌባ አሳዪኝ" አለ። በጣቴ ደመናውን አሳየሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። የሳቀ አልነበረም።

የደብሩ ቄስ ጃንጥላቸውን እንደያዙ እያለከለኩ መጨረሻ ላይ ደረሱ። ለምን እንደጠራሁ ነገርኳቸው። ደመናውን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት።

"ልጄ፣ አየሽ ወይስ ፈራሽ?"

"ሁለቱንም፣ አባቴ።"

ግዝቱን ብቻቸውን ሊፈቱት እንደማይችሉ፣ ከሌሎቹ ካህናት ጋር እንዳሠሩት ተናገሩ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ አንዱ እንከምር ይላል፣ ሌላው ልጄን አላስረግምም ይላል። ነፋሱ ነጠላ ማንሣት ጀምሯል። ቄሱ በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ደብሩ መለሱና፣ "እኔ አልፈታም፤ ቆሜም አልከለክልም። ያዘዘ ሰው ግን ይጠየቅበታል" አሉ።

ሰው ሁሉ ያዘዘ ሰው የት አለ ብሎ የሚፈልግ ይመስል ነበር። "እኔ አዝዣለሁ" አልኩ። ድምፄ ከጥሩምባው የመጀመሪያ ድምፅ አይሻልም ነበር። "ባሌ በቦታው ትቶኛል። መጀመሪያ ረዳት የሌላት የባልቴቷ ጎረቤታችን፣ ቀጥሎ ረባዳው ላይ ያለው፣ ከዚያ ጉብታው። የኛ መጨረሻ።" የኛን መጨረሻ ያልኩት ከደግነት ብቻ አይደለም። ለራሷ ገብስ ስትል ሚካኤልን ሻረች እንዳይሉኝ ነው።

ነጭ እንደለበሱ ገቡ። እየከመሩ ሳለ ደመናው አፋፉን አልፎ ላያችን ላይ ተቀመጠ፤ ግን ዝናብ ሆኖ ሳይሆን ጉም ሆኖ ነው። አጠገብ ለአጠገብ መተያየት እስኪያቅት ድረስ ሸፈነን። ነዶው እጅ ላይ ሲያዝ ይረጥባል። ቶሎ ቶሎ እያልኩ ከማሳ ማሳ ዞርኩ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ከኛ በቀር የሁሉም ተከምሮ ነበር። ጉሙም ያን ጊዜ ተነሣ፤ ደመናው ወደ ቆላው ተመልሶ ሲወርድ ዓይናችን እያየው ነው። አንድ ጠብታ አልጣለም።

ሰዎቹ ቆመው ሸኙት። የደረቀ መሬት ላይ፣ የቆሸሸ ነጭ ልብስ ለብሰው። ጋሼ ባዶ ዋንጫውን ከአጥሩ ላይ አንሥቶ፣ "ሚካኤል ዝናቡን ለሌላ አገር ሰጥቶታል፤ እኛ ግን ዋጋውን ከፍለናል" ብሎኝ አለፈ።

በማግስቱም ከዚያም በማግስቱ ሰማዩ ብራ ሆነ። እንደዚያ ጥርት ያለ ሰማይ ጠልቼ አላውቅም። በየቀኑ ገንፎ ይዘው ይጠይቁኝ የነበሩት ሴቶች ቀሩ። ግዝቱ በመዝጊያዬ በኩል እንደሚተላለፍ ይመስል ደጄን በሩቅ ያልፉት ነበር። ካህናቱ ሊሰበሰቡ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። መቀመጥ አቃተኝ፤ ስተኛ ጆሮዬ ውስጥ ጥሩምባው ይጮሃል። ልጄን ሳጠባት እንኳ ቆሜ ነበር።

ሦስተኛው ቀን የነቢያት ጾም የገባ ዕለት ነው። ከቤት ጠቦኝ ወጣሁና ከደጃችን ማዶ ያለው የባልቴቷ ክምር ሥር ፀሐይ ልሞቅ ቁጭ አልኩ። ጀርባዬን ደገፍ አደረግሁ። የሆነ ሽታ መጣብኝ። የማውቀው ሽታ ነው፤ ግን በዚያ ቦታ አልጠበቅሁትምና ከየት እንደማውቀው ጠፋኝ። ተነሥቼ ክንዴን እስከ ብብቴ ክምሩ ውስጥ አስገባሁት።

ይሞቃል። እጅ ያስለቅቃል።

ሽታው የብቅል ነበር። ሴት ሆኖ ብቅል ያላበቀለ በአገሬ የለም። ገብሱን በውሃ ታርሺዋለሽ፣ በቅጠል ትሸፍኚዋለሽ፣ ትጫኚዋለሽ፣ በሦስተኛው ቀን ሞቆ ይበቅላል። ከልጅነቴ ጀምሮ በእጄ ያደረግሁትን ሥራ በመንደር ገብስ ላይ አስደረግሁት። ያልደረቀ እህል በጉም አርሼ፣ ተጫኑት ብዬ አዝዤ። ወንዶቹ በጥድፊያ ላይ ነበሩና አላሰቡትም እንበል፤ እኔ ግን ማሰብ ነበረብኝ። ያን ዕለት ያየሁት ደመና ከቆላው የወጣው ብቻ አልነበረም። የዚያ የክፉ ዓመት ደመና ዓይኔ ላይ ቆሞ ነዶውን ጎንበስ ብዬ አልዳሰስኩትም።

ገብቼ ለአማቴ ነገርኳቸው። እሳቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለኔ ብለው ነው የተናገሩት። "ዝም በዪ፤ ልጄ ዛሬ ነገ ይመጣል፤ እሱ አየሁት ይበላቸው። አንዴ ነፋሽ፣ ተሳሳተች አሉ። ሁለተኛ ከነፋሽ አበደች ይላሉ፣ ሹመቱም ከቤታችን ይወጣል።" እውነታቸውን ነው። ፍርድ ቤት ግን ዛሬ ነገ አያውቅም፤ ብቅል ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ይባስ ብሎ ያን ቀን ከሰዓት በፊት ከቆላው ሌላ ደመና ብቅ ብሏል። ክምሩን አስፈርሼ ዝናብ ቢመጣ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ በገዛ እጄ አጠፋሁት ማለት ነው።

ያኔም እግሬ ወደ ምሰሶው ሄደ። በርጩማውንም ጎተትኩ። ላዩ ላይ እንደቆምኩ ግን፣ የባልቴቷን ብቻ ነው የዳሰስኩት፣ የሌሎቹንስ አውቃለሁ ወይ አልኩ። ወረድኩ። ልጄን አዝዬ፣ ቢላዋዬን ይዤ፣ ክምር ለክምር ዞርኩ። በየአንዳንዱ በሦስት በኩል ክንዴን አስገባሁ። ፊቴና ክንዴ በገብስ ጢም ተቧጭሮ ነበር። ያየችኝ አንዲት ሴት ልጆቿን ጠርታ ቤት አስገባቻቸው። ሰማዩን እያየሁ፣ ቶሎ በዪ እያልኩ ራሴን፣ ግን አንድም ሳልዘል ዞርኩ። ጉብታው ላይ ያሉት ነፋስ ስላገኙ ቀዝቃዛ ነበሩ። የሞቁት ጉሙ ተኝቶባቸው የነበሩት፣ ረባዳው ላይ ያሉት አራቱና የባልቴቷ ናቸው። ከአራቱ ትልቁ የጋሼ።

ከዚያ ነው የነፋሁት። አሁን በመጀመሪያው ወጣ።

በዚህኛው የሮጠ አልነበረም። እጃቸውን አጣጥፈው አንድ አንድ እያሉ መጡ። ቄሱም መጡ፣ ዳር ቆሙ። እኔ የጋሼ ክምር አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

"በሚካኤል ቀን ያዘዝኳችሁ ስሕተት ነበር" አልኳቸው። "ነዶውን ሳልዳስስ አስከመርኳችሁ። አምስቱ ክምር ሞቋል። አሁኑኑ ካልፈረሰ ይበቅላል።"

ጋሼ ወደ ቆላው አየ፣ ወደ ደመናው። "እመቤት፣ ደመና ስትፈሪ ከምሩ አልሽን። ደመናው ሲመጣ አፍርሱ ትዪናለሽ። እኛ የቱን እንስማ?"

"ክንድዎን ያስገቡ፣ ጋሼ።"

በቀልድ ፊት፣ ሰው ላይ ዓይኑን እየጠቀሰ እጁን ሰደደ። ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ። አውጥቶ አሸተተው። በሌላ በኩል ደግሞ አስገባ። ከዚያ በዝግታ፣ "ጾም በገባ ቀን ጠላ ልትጠምቂልን ነበር" አለና ጋቢውን አውልቆ አጥሩ ላይ ጣለ። የመጀመሪያዋን ነዶ ያወረደው እሱ ነው።

የማይፈርሱትን ማንም እንዳይነካ፣ የፈረሰውም ነዶው እየተፈታ አፋፉ ላይ ነፋስ ወዳለበት እንዲሰጣ፣ ቁርበትና ጭድ ደግሞ ቢዘንብ ለመሸፈን አጠገቡ እንዲቀመጥ ተናገርኩ። ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ደመናው እስከ ማታ ገደሉ ሥር ቆሞ ሲያየን ዋለ። ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። እኔም አብሬው ከአፋፉ እስከ ማሳው ተመላለስኩ። ሳይዘንብ አደረ። በሁለት ቀን ፀሐይ ደረቀ። ከአራቱ ክምር ከሥሩ ጥቂት ጥቂት ጠቆረ፤ የባልቴቷ ግን መጀመሪያ የተከመረ ነውና እኩሌታው በቅሎ ነበር። በመንደሩ ሙሉ ያለ እንከን የደረቀው ገብስ፣ መጨረሻ ይሁን ብዬ እንደተኛ የቀረው የኛ ነው። ይህን ሳይ አፈርኩ። በዚያው ቀን ከኛ ነዶ የጎደላትን ያህል ወደ ባልቴቷ አውድማ አስጋዝኩ። ባሌ ምን ይላል ብዬ አልጠበቅሁም፤ የተረፈው ሁሉ ላንቺ ብሎኛል።

ካህናቱ ተሰብስበው ለየቤቱ አንድ አንድ ሸክም ድንጋይ ለደብሩ አጥር ፈረዱ። ለኔ ሰባት። ቄሱ ደጄ ድረስ መጥተው ነው የነገሩኝ፤ የልጅቷ ክርስትና በቀኑ እንደሚሆን ጨምረው። አዝዣለሁም፣ ተሳስቻለሁም ብዬ ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ያልኩትን እንደ ንስሐ ቆጥረውልኛል። ያን ድንጋይ ከሰማንያው ቀን በኋላ ተሸከምኩ። አጥሩ ዛሬም አለ፤ የትኞቹ የኔ እንደሆኑ አሳያችኋለሁ።

ባሌ በሳምንቱ መጣ። ወሬውን ሁሉ ከመንገድ ላይ፣ ምናልባት ከጋሼ፣ ከነቀልዱ ሰምቶታል። ተቀምጦ እግሩን ሳጥበው ስለ ግዝቱ አልጠየቀኝም፣ ስለ ሹመቱም። "መጀመሪያ የማንን አስከመርሽ?" አለኝ። የባልቴቷን አልኩት። "የኛስ?" እንደተኛ ቀረ አልኩት። በልቶ ተኛ። እኔ ግን ምን እንዳሰበ አላወቅሁምና ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ጠዋት በምሰሶው ላይ የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ተነሣሁ። የጥሩምባውን መስቀያ ከላይ ነቅሎ፣ ከኔ ትከሻ ልክ ላይ እየመታው ነበር። አማቴ ከመደባቸው ሆነው እዚያ ላይ ከሆነ ላንተ አይመችህም አሉት።

"እኔ ጎንበስ ብዬ አነሣዋለሁ" አላቸው፣ ዞር ሳይል።

እኔ ልጄን አዝዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ከቆላው ደመና እየወጣ ነበር። ጥቂት አየሁትና ገብሳችንን ልዳስስ ወደ ማሳው ወረድኩ።